የልብስ ሰፊው ራስ ምታት

በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም፤ መድኃኒት ቤቷ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሥራ ፈቃድ ከነአባቷ ከነአያቷ ተጽፎ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ግን ታናሽ እህቷ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምራ «እቴቴ» ስትላት የሰማ ሰፈር ሁሉ እቴቴ ብሏት ቀረ። በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እቴቴ፣ እስቲ ይቺን ሳሌን ስሚልኝ» እያሉ ይመጣሉ። እሷም አትስቅባቸውም፤ ትሰማላቸዋለች።

መድኃኒት ቤቱ በልብስ ሰፊው ቤትና በአንድ ቆርቆሮ መሸጫ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ፊት ለፊት መስታወት የለበሰ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ በግራ በኩል ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶ የተቀመጠ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ያ አግዳሚ የመድኃኒት ቤቱ ግማሽ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው ሐኪሙ ያለውን እዚያ ቁጭ ብሎ ያስተረጉማል፤ ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ልቡ የፈራም እዚያው ቁጭ ብሎ ይደፍራል። ባሏ የሞተባት፣ ልጁ ከቤት የጠፋበት፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሁሉ «የራስ ምታት ክኒን» ብሎ ይገባና ሆዱን ገልብጦ፣ ክኒኑን ረስቶ ይወጣል።

እቴቴ አፏ አይመለስም። ጨው አልቀንስ ያለውን የደም ግፊት በሽተኛ ሰው ፊት ታሳፍረዋለች፤ «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒቱን በመሀል ያቋረጠውን ደግሞ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። አንድ ግንበኛ ነበር፣ ሳሉን በፎጣ እያፈነ ወራት የቆየ። «ከሚስትህ ደብቅ፣ ከአሠሪህም ደብቅ፤ ከኔ ግን አትደብቃትም!» ብላ ሱቋን ዘግታ፣ ክንዱን አንቃ ይዛ፣ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ነዳችው። ሳንባው ነበር። ሰውየው ታክሞ ድኖ ዛሬም ድንጋይ ይሸከማል፤ ባያት ቁጥር «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይላታል። እሷ ደግሞ ለእሱም ሆነ ለሌላው የምትደጋግማት አንዲት ተረት ነበረቻት፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።» ሰፈርተኛው ከመስማቱ ብዛት ገና አፏን ስትከፍት ይጨርስላታል።

ታዲያ ይቺን ተረት ለሰው ሁሉ ስታድል የኖረች ሴት ለራሷ አንዲት እንኳ አላስቀረችም። ሰው መቼስ እንዲህ ነው።

ነገሩ ዓይኗ ነው። መጀመሪያ የመነጽሯ ጥፋት መሰላት፤ መነጽር አስለወጠች። ከዚያ የመብራቱ መሰላት፤ አምፖል አስቀየረች። በመጨረሻ ማንም ወደማያውቃት ሌላ ሰፈር ሄዳ የዓይን ሐኪም ፊት ተቀመጠች። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ ቀስ አድርጎ ነገራት። ዓይኗ ውስጥ በስተኋላ ምስል የሚቀበለው ስስ ሽፋን እያረጀ ነው፤ የሚጠፋው መሀሉ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀርላታል፤ የሄደውን ግን ጠብታም ሆነ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም። እቴቴ አመስግና ወጣች። ስንቱን እንዲህ ያለ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ አስቀምጣ አባብላዋለች! እሷን የሚያባብላት ግን አልፈለገችም፤ ታክሲ ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሐኪሙ እንዳላትም ሆነ። መንገድ ላይ አትደናቀፍም፣ ብርጭቆ ስታነሳ አትስትም፣ ሰው በበር ሲገባ ታየዋለች። ትኩር ብላ የምታየው ነገር ግን ይጠፋባታል። የሰው ፊት ከአንገት በላይ ጭጋግ ነው፤ የምትለየው በድምፁና በአረማመዱ ነው። ፊደል የሚባል ነገርማ ጨርሶ ቀረ።

መናገር ነበረባት። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ ማን አለ? ያለቦታው የተሰጠ መድኃኒት መርዝ መሆኑን ለሰው ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት። ግን ከተናገረች ፈቃዱ ከግድግዳው ይወርዳል፤ በሩ ይዘጋል፤ እሷም ቤት ተቀምጣ ሰው ምሳ እስኪያቀርብላት የምትጠብቅ አሮጊት ትሆናለች። አላገባች፣ አልወለደች፤ በዓለም ላይ ያላት ያ ባንኮኒና ያቺ እህቷ ናቸው። «ትንሽ ልቆይ፣ እስከ ክረምቱ መውጫ» አለች ለራሷ። ክረምቱ ወጣ፤ በጋው ገባ፤ እቴቴም ባንኮኒዋ ላይ ነበረች።

ብልሃት አላጣችም። መደርደሪያውን እጇ ያውቀዋል፤ የግፊቱ በቀኝ ከላይ ሁለተኛው ላይ፣ የስኳሩ ከእሱ ሥር፣ የሕፃናት ሽሮፕ በግራ፣ ቅባትና ፋሻ ከታች። የሐኪም ወረቀት ሲሰጧት ወደ ብርሃን ከፍ ታደርገውና አንገቷን ነቅንቃ ለባለቤቱ ትመልሳለች። «ይሄ ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው! ምን አለህ ሐኪሙ? እስቲ አንተው አንብብልኝ።» ግፊት ስትለካም የመሣሪያውን ፊት ወደ ታካሚው ታዞረዋለች። «ራስሽ አንብቢው፤ የራስን ጤና ራስ ማወቅ ነው።» ሰዉም ያነባል። እንዲያውም «እቴቴ ዘንድሮ ጤና ታስተምራለች» እያለ ያደንቃል። እሷም በልቧ «ማንም አላወቀብኝም» እያለች ትመካለች።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ልብስ ሰፊውን ራሱን ያመው የጀመረው።

ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ከስፌት መኪናው በቀር ከማንም ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ድሮ ጉንፋን ካልያዘው የመድኃኒት ቤት ደጅ አይረግጥም ነበር። አሁን ጠዋትም ከሰዓትም ብቅ ይላል፣ የሜትሩን ጥብጣብ ከአንገቱ ሳያወርድ። «እቴቴ፣ ይቺ ራሴ ዛሬም አላስቀመጠችኝም።» የራስ ምታቱ ክኒን ያለው ከጓዳ ነው። እሷ ልታመጣ ዞር ስትል እሱ የባንኮኒውን ክዳን ቀና አድርጎ ወደ ውስጥ ይገባና መደርደሪያው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል።

«ጎረቤት፣ ግፊትህን ልለካህ?»

«ኧረ ተዪኝ፤ እዚህ ትንሽ መቀመጡ ራሱ ይሻለኛል።»

እዚህ መቀመጡ ይሻለኛል! ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ በወጣትነቷ እንኳ እንዲህ ያላት የለ፣ ይህን ቃል ይዛ ምን ታድርግ? ይዛው ቤቷ ገባች።

ቤት ደግሞ ያቺ እህቷ አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብራት የምትኖር፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ልቧም ደከም ያለ፣ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሴት ናት። እቴቴ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ከመኝታ ቤት ትጣራለች።

«ዛሬስ ሰውየውን ራሱን ስንቴ አመመው?»

«ሁለቴ።»

«ውይ ምስኪን! በናትሽ ሳይሞት አግቢው።»

«ሂጂ ወዲያ! አሮጊት ሆነሽ አታፍሪም?»

«እኔ ምን አልኩ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የራስሽ ተረት ነው» ትልና በሳቅ ትፈርሳለች። እቴቴ ትቆጣለች። በማግስቱ ግን ሰማያዊዋን ሻሽ አስራ ትወጣለች፤ ያቺን ሻሽ ከዚያ በፊት ለሰርግ ካልሆነ ከሳጥን አታወጣትም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ የመድኃኒት አከፋፋዩ ሠራተኛ ካርቶኖቹን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ እቴቴ አትለቀውም፤ «አንድ በአንድ እየጠራህ ስጠኝ፣ ቆጥረን እንረካከብ» ብላ እሱ እየጠራ እሷ ትደረድራለች። ያን ዕለት ግን መኪናውን መንገድ ላይ ገትሮ ነው የገባው፤ ከኋላው የቆሙት ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ይነፉበታል። «ይሄ የግፊቱ ነው፣ ይሄ የስኳሩ ነው፤ ሁለቱም ካዲሱ ፋብሪካ ነው፣ ፓኮው ተለውጧል!» ብሎ ሁለቱን ክምር ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ሮጠ።

ይሄ የቱ ነው? ይሄስ? በእጁ ሲጠቁም አላየችም። መዳፏን አሳለፈችባቸው፤ ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ ማዕዘናቸው እንኳ አንድ ዓይነት። ከፍታ ክኒኑን እንዳትዳስስ ደግሞ የተቀደደ እሽግ ገዢ የለውም። አንዱን ፓኮ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ በጎን በኩል አየችው፤ ነጭ ነገር ነው፣ ከዚያ ውጪ ጭጋግ ነው። ሮጣ ወጥታ ሰውየውን ብትጠራው ደረሰችበት ነበር። ግን ሾፌሩ ሁሉ በሚያይበት መንገድ ላይ፣ ፊቷ የተቀመጠን ፓኮ ይዛ «የቱ ነው?» ብላ ልትጮህ? ልብስ ሰፊውን ልጥራው አለች። እሱን? ከሰው ሁሉ መርጣ እሱን? ሻሿን አስተካከለችና «ሲናገር ድምፁ መጀመሪያ የመጣው ከግራ ነው» ብላ ግራውን ክምር በግፊቱ ቦታ ደረደረችው።

የእህቷ መድኃኒት ማለቁም ትዝ አላት። ከደረደረችው አንድ ፓኮ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ዝናቡ ሳያባራ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ሰፈሩ «ቲቸር» የሚላቸው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡና የግፊት መድኃኒታቸውን ተቀብለው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ራሱን ይዞ መጣ። ያን ዕለት ክፉኛ ሳያመው አልቀረም፤ ከጓዳ ስትመለስ በርጩማው ላይ የለም፤ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«ምነው ጎረቤት? ደኅና አይደለህም?»

«ደኅና ነኝ። እቴቴ…»

«አቤት?»

በዓይኗ ዳር በኩል እጁ የሜትሩን ጥብጣብ ሲጠቀልልና ሲፈታ ይታያታል። እንዲህ የሚሆን ወንድ ምን ሊል እንደሆነ፣ ማንም ብሏት ባያውቅም፣ የምታውቅ መሰላት። ጠበቀችው።

«ዝናቡ አላባራ አለ እኮ» አለና ክኒኑን ሳይወስድ ወጣ።

ማታ ይህን ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ዝናቡ አላባራ አለ! እንዲህ ያለ ፈሪ ጉድ አይቼ አላውቅም። ነገ ፀሐይ ከወጣ ይነግርሻል!» እቴቴም አብራት ሳቀች፤ እንዲያ ከልቧ የሳቀችበት ጊዜ ትዝ አይላትም ነበር። እየሳቀች ቦርሳዋን ከፈተችና አዲሱን ፓኮ አቀበለቻት። «እንዳታቋርጪ። ጠዋት ጠዋት።»

«እሺ ሐኪሜ።»

በማግስቱ እህቷ ድካም ድካም አላት። «ዝናቡ ነው» አለቻት እቴቴ። ከዚያ ወዲያ ባለው ቀን ደግሞ ምግብ አስጠላት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ «ደግሞ እኔንም እንደ ሰውየሽ ራሴን ያመኝ ጀመር» ብላ ቀለደች። እቴቴ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» አለቻት። «ወስጃለሁ» አለች። «በርቺ» ብላት ወደ ሥራ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የግቢው ጎረቤት ያለ ጫማ እየሮጠች መድኃኒት ቤት ደረሰች። «እቴቴ! ነይ፣ እህትሽ!»

እቴቴ ቤት ስትገባ ሴቶቹ አልጋውን ከበውታል። «ግፊቷ ተነስቶ ነው፣ ጭንቅላቷን መትቷት ነው» ይላሉ። ጉንጯን ነካች፤ ቀዝቅዟል። ቀሚሷ በላብ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ስትጠራት የማይያዝ ነገር ታጉተመትማለች። ይህን ላብ እቴቴ ታውቀዋለች። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትን የስኳር በሽተኞች «ሲያልብህ፣ ሲያንቀጠቅጥህ፣ ቃል ሲምታታብህ፣ ቶሎ ስኳር አፍህ ውስጥ አድርግ» እያለች ያስጠነቀቀቻቸው ይህንኑ ነው። ግን እህቷ ስኳር የለባትም። ስኳር የለባትም እኮ!

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ፓኮውን በዳሰሳ አገኘችው፤ አንድ ክኒን ፈልቅቃ መዳፏ ላይ ጣለችና በአውራ ጣቷ አሸችው። የእህቷ ክኒን ድብልብል ነው፤ ፋብሪካው ቢለወጥም ክኒኑ ያው ድብልብል እንደሆነ ታውቃለች። መዳፏ ላይ ያለው ሞላላ ነው፤ መሀሉ ላይ መስመር አለው። ስኳር ለማውረድ የሚሰጥ ክኒን ነው፤ ስንት ዓመት ስትሸጠው የኖረችው።

«ስኳር አምጡ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ አልገባቸውም። «ስኳር! ስኳር አምጡልኝ!» እሷ የእህቷን ድድ በስኳር እያሸች፣ ስሟን እየጠራች፣ የጎረቤት ሰዎች መኪና ላይ ጭነዋት ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሙ ግሉኮስ ሰቀለላትና «ይህን መድኃኒት ማን ሰጣት?» ብሎ ጠየቀ። እዚያ ከቆሙት ውስጥ መልስ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር። «እኔ ነኝ» አለች እቴቴ።

ከቀትር በኋላ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣ ሳለ የማሽን ዘይት ሸተታት። ልብስ ሰፊው ነው። አጠገቧ ተቀመጠ።

«መደርደሪያውን እኔ ገልብጬው ነበር እቴቴ» አለ። «ያን የዝናብ ዕለት። ቲቸር ይዘውት የመጡት የስኳሩ ነበር። አንቺ ጓዳ ስትገቢ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አደረግሁት። ሁሉንም ያቃናሁ መስሎኝ…»

«አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

«አላወቅኩም። በእናቴ፣ አላወቅኩም።»

እቴቴ የሰማችው ቀስ እያለ ነው የገባት። «ቲቸር ለምን አንተ ጋ ይዘውት መጡ?»

አሁን ምን ይበል? ጀምሮታልና ጨረሰው። ከመድኃኒት ቤቷ የወጣ ሰው ሁሉ በእሱ በር ያልፋል። እሱ ወረቀቱንና ፓኮውን አመሳክሮ ያነብላቸዋል። ልክ ከሆነ ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነበር፣ እጇ አይስትም። የሳተች ቀን ራሱን ያመዋል፤ ይመጣና እሷ ዞር ስትል ለውጦ ይወጣል። እንዳይነቃበት ደግሞ ያልሳተችበትም ቀን አንዳንዴ ያመዋል። ዓመት አልፎታል። ቲቸር ያውቃሉ፣ ግንበኛው ያውቃል፣ እናቶቹ ያውቃሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት።

«ራስ ምታቱስ?» አለችው።

«ራሴን አሞኝ አያውቅም፣ እቴቴ።»

ሻሿ ተንሸራቶ ነበር፤ አላስተካከለችውም። ከእህቷ አልጋ አጠገብ ሆና እንኳ ይህ ነገር አመማት፤ እንዲህ ባለ ሰዓት በዚህ መታመሟ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት።

«ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ፣ 'ተሳስተሻል' ብትለኝ፣ ቦርሳዬ ያለው ትዝ ይለኝ ነበር።»

«ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር።»

«ዝናቡ አላባራ አለ አልከኝ።»

ሰውየው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ።

ወይ ይሉኝታ! ሰው በጥላቻ ብቻ የሚገዳደል ይመስለዋል። ያን ሰፈር የሚያህል እሷን የሚወድ ሰፈር የት ይገኛል? «እናቶቻችንን ያስታመመች ሴት፣ እንዴት ተደርጎ ዓይንሽ ጠፋ ትባላለች? ሞት ይሻለናል» ነበር ያሉት። እሷ ለግንበኛው ያደረገችውን፣ ያንን ክንድ አንቆ መንዳት፣ ለእሷ የሚያደርግላት አንድ ደፋር ከመሀላቸው ጠፋ። ክፉ ሰው ቢኖርባቸው ኖሮ አንድ ቀን በንዴት ይዘረግፈው ነበር። ደጎች ሆነውባት ነው።

ማምሻውን እህቷ ነቃች። ድምፇ ቀጭን ነው፤ ፊቷን እቴቴ አታየውም፤ እጇን ብቻ ይዛለች።

«ክኒኑ ሌላ መሆኑን አላየሽም?» አለቻት። ይህን ሳትጠይቅ ማደር አልቻለችም።

«አየሁት እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽው?»

«የሰጠሽኝ አንቺ ነሻ። ደግሞ… ዓይንሽ መድከሙን አውቃለሁ፣ እቴቴ። ሻይ ስትቀጂ ጣትሽን ብርጭቆው ውስጥ ትከቻለሽ። ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ብጠይቅሽ የሚከፋሽ መስሎኝ።»

እቴቴ የእህቷን እጅ ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ሳመችው።

«ሰውየውስ?» አለች እህቷ ዓይኗን ከድና። «ራሱን ተሻለው?»

«ተሻለው።»

«ተናገረ?»

«ተናገረ» አለች እቴቴ። «ዛሬ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ።»

«እሰይ! አላልኩሽም? ፀሐይ ሲወጣ ይነግርሻል አላልኩሽም?» እህቷ ፈገግ ማለቷን ከድምፇ አወቀች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ብዙ የለም። ስኳሩ አንዴ ሲነሳ አንዴ ሲወርድ ሰነበተ፤ ድሮም የደከመ ልቧ አልቻለውም፤ ሳምንቱ ሳይሞላ አረፈች።

እቴቴ ከቀብር መልስ በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ቤቱን ከፈተች፤ ፈቃዱን ከግድግዳው ያወረደችው ራሷ ናት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወስዳ፣ ዓይኗንም እህቷንም ተናግራ፣ አስረከበች። እዚያ ያለው ሹም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብቻ አላት። ሰፈርተኛው ለልቅሶ ሲመጣ ስለ ክኒኑ አንድ ሰው አላነሳም። «ልቧ ድሮም ደካማ ነበር፤ ቀኗ ደርሶ ነው» አሏት ሁሉም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያንኑ የለመዱትን ደግነት ነበር የሚያደርጉላት፤ እሷም ያን ጊዜ መጮህ አማራት።

ቤቱን ከወራት በኋላ አንዲት ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ ተከራየችው። ባንኮኒው ተቀባ፤ አግዳሚው ግን ቀረ፤ ሰዉ አስቀረው። ልብስ ሰፊው እዚያ ገብቶ አያውቅም ይባላል። እቴቴ በበሩ ስታልፍ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላል።

እሷም ግፊት ያዛት፤ ሐኪሞቹ ሐዘኑ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቷን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባች። አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ቲቸር ሳላቸውን አሰሙ፣ ግንበኛው ተነስቶ ቦታ ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። ለዓመታት በወዲያ ማዶ ከቆመችበት ባንኮኒ በወዲህ በኩል ቆመች፤ ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ከመደርደሪያው አንድ ፓኮ አወረደች።

«በቀን አንዴ ነው እማማ፤ ጠዋት ጠዋት» አለች በትሕትና፣ በፌስታል እየጠቀለለች።

እቴቴ ፓኮውን ከፌስታሉ አወጣችና መልሳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ዓይኔ አያይም» አለች። ድምፇ እስከ መንገድ ይሰማል። «እዚህ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ከጎን በኩል የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ሰዎቹ ዞር አለች፤ የሚያያት ስታጣ ፓኮውን አንስታ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ለምን እንደሆነ አነበበች።

«አንዴ ድገሚልኝ» አለች እቴቴ።